ዑመር ኢብኑል ኸጧብ እና የሠራተኛው እንጀራ

  

በረመዷን ወር ባለጸጋውም ድሃውም ቀኑን እኩል ይራባሉ። ልዩነቱ የሚታየው መግሪብ ሲደርስ ነው። አንዱ ከተሞላ ማዕድ ፊት ይቀመጣል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም ወይም መጋዘን ሲጠብቅ ውሎ፣ በኪሱ የያዘው የቀን ክፍያ ለልጆቹ ኢፍጣርና ሱሑር ይበቃ እንደሆነ እያሰላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ነጋዴዎችም ሠራተኞችም በየመስጊዱ ይጠይቁናል። አሠሪ የተስማማበትን ክፍያ በጊዜው ከከፈለ ከኃላፊነት ነፃ ነውን? ወይስ ክፍያው ሠራተኛውን የሚያኖር መሆን አለበት? ይህን ያላደረገ አሠሪስ በሕግ ሊገደድ ይገባዋልን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚፈለግባቸው ሕይወቶች አንዱ የሁለተኛው ኸሊፋ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሕይወት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ፋርስና ሻም በዘመናቸው የተከፈቱላቸው መሪ፣ ሸይጧን መንገድ የሚለቅላቸው ኃይለኛ ሰው አድርገን ነው። ዛሬ ግን ሕይወታቸውን ከሠራተኛው ጎን ቆመን እንመልከተው።

እፍኝ ተምር

ዑመር የተወለዱት በመካ፣ ከቁረይሽ ነገድ በኒ ዐዲይ ከሚባለው ጎሳ ነው። የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ልደታቸው ከዝሆኑ ዓመት 13 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር። ጎሳቸው በሀብት ከቀደሙት የቁረይሽ ቤቶች አይቆጠርም። ልጅነታቸውን ያሳለፉት መካ አቅራቢያ በሚገኘው በደጅናን ሸለቆ የአባታቸውን ግመሎች በመጠበቅ ነው። አባታቸው ኸጧብ ልበ ደረቅ ሰው ነበር፤ ልጁን እስኪደክም ያሠራዋል፣ ሥራው ሲጎድል ይመታዋል። ዑመር ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ በዚያ ሸለቆ ሲያልፉ ያን ዘመን አስታውሰው ለተከታዮቻቸው አውግተዋል።

ከአባታቸው ሌላ ለእናታቸው ወገን ለበኒ መኽዙም አክስቶቻቸውም እረኛ ሆነው ሠርተዋል። የቀኑ ምንዳቸው እፍኝ ተምር ወይም እፍኝ ዘቢብ ነበር። ይህንንም ያወቅነው ከራሳቸው አንደበት ነው። ኸሊፋ ሳሉ አንድ ቀን ሕዝቡን ሰብስበው ሚንበር ላይ ወጡና ስለዚያች እፍኝ ተምር ብቻ ተናግረው ወረዱ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ኸሊፋው በሕዝብ ፊት ራሳቸውን ከማሳነስ በቀር ምንም እንዳልሠሩ ቢነግሯቸው፣ ነፍሳቸው በሥልጣን ልትኮራ ስለ ዳዳት ማንነቷን ሊያስታውሷት እንደ ፈለጉ ገለጹላቸው። ስለዚህ ስለ ሠራተኛ የፈረዱት ዑመር በሰው ከብት ኋላ ለእፍኝ ተምር የዋሉ ሰው ነበሩ።

ካደጉ በኋላ ነጋዴ ሆኑ፤ ማንበብና መጻፍም ከሚችሉት ጥቂት የቁረይሽ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ኢስላም በመካ ሲሰበክ በመጀመሪያ አጥብቀው ተቃወሙት። ልባቸው መለስለስ የጀመረበትን ጊዜ ስናነሳ አገራችንም ትነሳለች። ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ለይላ ቢንት አቢ ሐስማ ለጉዞ ስትሰናዳ ዑመር መጥተው ቆሙ። ከዚያ በፊት ከእርሳቸው ጭካኔ በቀር ያላየችው ይህች ሴት፣ በዚያ ቀን ሐዘንና ርኅራኄ አየችባቸው፤ ለባሏም ነገረችው። ባሏ ግን ዑመር ይሰልማሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ የማይታሰብ ነገር መስሎት ነበር። ዑመር የሰለሙት ከነቢይነቱ ዘመን በስድስተኛው ዓመት፣ ዕድሜያቸው ከ26 እስከ 27 በሚሆንበት ጊዜ ነው።

ከመዲና የተማሩት

በ622 እ.ኤ.አ. ሂጅራ ተደረገ። ዑመር በመዲና ለአሥር ዓመታት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ነበሩ። ስለ ሠራተኛና ስለ አገልጋይ የተላለፉት ትምህርቶች በዚያ ዘመን የተነገሩ ናቸው። በአቡ ዘር ሐዲስ እንደ ተላለፈው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋዮች ወንድሞቻችን መሆናቸውን አስተምረዋል። በእጁ ሥር ወንድሙ ያለ ሰው ራሱ ከሚበላው እንዲያበላው፣ ከሚለብሰው እንዲያለብሰው፣ ከአቅሙ በላይ እንዳያሠራው፣ ካሠራውም እንዲያግዘው አዘዋል። በሌላ ሐዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ምንዳውን የከለከለ ሰው፣ በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራ ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑ ተነግሯል። የሠራተኛው ክፍያ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠውም ታዟል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆኑ። ማግስቱን ጨርቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው እንደ ወትሮው ወደ ገበያ ወጡ። ዑመርና አቡ ዑበይዳ መንገድ ላይ አገኟቸው። የሙስሊሞችን ጉዳይ የተሸከመ ሰው እንዴት ገበያ ይውላል ብለው ቢያስቡም፣ የአቡበክር ጥያቄ ቤተሰባቸው ምን ይበላል የሚል ነበር። በዚህም ምክንያት ከሕዝቡ ገንዘብ በቀን የግማሽ በግ ሥጋና የሚለበስ ልብስ ተቆረጠላቸው። ያ የቀን ክፍያ ለክብርና ለማዕረግ ተብሎ የተሰፈረ አልነበረም። የተሰፈረው አንድ ሙሉ ጊዜውን ለሥራ የሰጠ ሰው ቤተሰቡን ሊያኖር በሚችልበት ልክ ነው።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634 እ.ኤ.አ.) ዑመር ኸሊፋ ሲሆኑ ለራሳቸውም ይህንኑ ሚዛን ተጠቀሙ። ከበይተል ማል የሚፈቀድላቸው አንድ የበጋ ልብስ፣ አንድ የክረምት ልብስ፣ ለሐጅ የሚጓዙበት እንስሳ፣ እንዲሁም ከቁረይሽ በሀብት ከላይም ከታችም ያልሆነ መካከለኛ ሰው ለቤተሰቡ የሚያወጣው ቀለብ መሆኑን አስታወቁ። የግዛቱ ወሰን ሰፍቶ ገንዘብ ወደ መዲና ሲጎርፍም ይህን ልክ አላለፉም።

የቅዳሜ ጉብኝት

ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደ ዘገቡት ዑመር በየቅዳሜው ከመዲና ወጣ ብለው ወደሚገኙት የእርሻ መንደሮች ይሄዱ ነበር። እዚያም ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ባሪያ ካገኙ ከሥራው ይቀንሱለታል። የአንድ ሰፊ ግዛት መሪ በሳምንት አንድ ቀን ከቢሮ ጉዳይ ተነሥተው፣ ማንም ሳይከስና ማንም ሳይጠራቸው፣ ሠራተኛው ምን ተጭኖ እንደ ዋለ በዐይናቸው ለማየት ይወጡ ነበር ማለት ነው። በዛሬው ቋንቋ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የምንለው ሥራ ነው። የእርሻው ጌታ ንብረቱ የግሉ መሆኑ አላገዳቸውም።

በአንድ ወቅት ደግሞ የቁረይሽ ታላቅ ሰው የሆኑት ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ በትልቅ ገበታ ምግብ አስይዘው መጡና ዑመር ፊት አስቀመጡ። ዑመር በዙሪያው የነበሩትን ድሆችና ባሮች ጠርተው አብረዋቸው እንዲበሉ አደረጉ፤ ባሮቻቸው አብረዋቸው እንዳይበሉ የሚጠየፉ ሰዎችንም በብርቱ ቃል ወቀሱ። ሰፍዋን ያቀረቡት መከላከያ ዛሬም የምንሰማው ዓይነት ነው፤ አገልጋዮቻቸውን ተጠይፈው ሳይሆን፣ መልካሙ ምግብ ለራሳቸውም ለእነርሱም የሚበቃ ስላልሆነ ራሳቸውን እንደሚያስቀድሙ ተናገሩ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ግን መልካሙ ምግብ ሲትረፈረፍ ብቻ የሚፈጸም አልነበረም።

ሁለት ፍርዶች በአንድ ሰው ላይ

ወደ ጥያቄያችን እምብርት የሚያደርሱን ሁለት ታሪኮች ሐጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ የሚባሉ ሶሓባን የሚመለከቱ ናቸው። ሐጢብ በበድር የተሳተፉ፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መልእክት ወደ ግብፁ ገዥ ወደ ሙቀውቂስ ያደረሱ ሰው ናቸው። በመዲናም ነጋዴ ነበሩ።

የመጀመሪያው ታሪክ በገበያ ውስጥ የሆነ ነው። ሐጢብ ሁለት ከረጢት ዘቢብ ይዘው ከገበያው ዋጋ ባነሰ ይሸጡ ነበር። ዑመር ከጧኢፍ ዘቢብ ጭኖ እየመጣ ያለው ሲራራ ነጋዴ በዚህ ዋጋ ምክንያት ይጎዳል ብለው ሠጉ። ስለዚህ ሐጢብ ወይ ዋጋውን ከፍ እንዲያደርጉ፣ ወይ ዘቢባቸውን ከገበያው እንዲያወጡ አዘዟቸው። ኢማም ሻፊዒይ በዘገቡት መሠረት ግን ዑመር ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ነገሩን ከራሳቸው ጋር መርምረው ሐጢብ ዘንድ ሄዱ። የተናገሩት ፍርድም ግዴታም እንዳልሆነ፣ ለከተማው ሰው መልካም አስበው ብቻ እንደ ሆነ ነግረዋቸው፣ በፈለጉት ቦታና ዋጋ እንዲሸጡ ተዉላቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዘመናቸው የዕቃ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ዋጋ እንዲተምኑ ሲጠየቁ አልተቀበሉም ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ በሙወጧእ ተመዝግቧል። የሐጢብ አገልጋዮች ከሙዘይና ጎሳ የሆነ የአንድ ሰው ግመል ሰርቀው አርደው በሉ። ጉዳዩ ወደ ዑመር ቀረበ፤ አገልጋዮቹም አመኑ። በስርቆት ሕግ መሠረት እጃቸው እንዲቆረጥ ታዘዘ። ቅጣቱ ሳይፈጸም ግን ዑመር ሰዎቹን ተመለከቱ፤ ጌታቸው እያሠሩ እንደሚያስርቧቸውም ተረዱ። በዚህ ጊዜ ፍርዱ ተገለበጠ። የተራቡት አገልጋዮች ከቅጣት ዳኑ፤ ቅጣቱ ወደ ጌታቸው ዞረ። የግመሉ ባለቤት ግመሉን በ400 ድርሃም ተጠይቆ እንዳልሸጠው ሲናገር፣ ሐጢብ 800 ድርሃም እንዲከፍሉት ተፈረደ። በአንዳንድ ዘገባዎች የአገልጋዮቹ ጌታ የሐጢብ ልጅ ዐብዱረሕማን እንደ ነበሩ ተጠቅሷል።

ኢማም ማሊክ ይህን ከዘገቡ በኋላ በመዲና የተለመደው ፍርድ ዋጋውን እጥፍ ማስከፈል አለመሆኑን ጨምረው አመልክተዋል። ስለዚህ በእጥፉ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። የነገሩ ሥር ግን አልተናወጠም፤ ሰውን አሠርቶ ያስራበ ሰው፣ ከረሃቡ ለሚወለደው ጥፋት ተጠያቂ ሆኖ በዳኛ ፊት ይቆማል።

እነዚህን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ዳኛው አንድ ናቸው፤ የተዳኙትም ሰው በአብዛኛው ዘገባ አንድ ናቸው። ዑመር በዘቢቡ ዋጋ ጉዳይ የነጋዴውን ነፃነት አክብረው ቃላቸውን መልሰዋል። በሠራተኛው ሆድ ጉዳይ ግን አልተመለሱም። ዘቢብ ገዢ ቢያጣ ነገ ይሸጣል፤ የሰው ጉልበት ግን ዛሬ ካልበላ ነገ የለም። የሠራተኛ ክፍያ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በገበያ ብቻ ይወሰን ለሚሉ ሰዎች፣ የነጋዴውን ነፃነት በሚገባ የሚያውቁት ዑመር ራሳቸው በሁለቱ መካከል ድንበር አስምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። የሐጢብ ሰዎች ባሮች ነበሩ፤ ጥለው መሄድ አይችሉም። የዛሬው ሠራተኛ ግን ክፍያውን አይቶ ፈርሟል፤ ካልተስማማው ይተወዋል ይባላል። በእርግጥ በኢስላም ሕግ የቅጥር ውል መሠረቱ ፈቃደኝነት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ነፃ ያልነበረው ሰው የሚበላውን የማግኘት መብት ካለው፣ ነፃው ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ከዚያ ያነሰ ሊያገኝ የሚገባው በምን ሚዛን ነው? ልጁ የራበው ሰው የሚሰጠው ፈቃድስ እንደ ጠገበ ሰው ፈቃድ ይቆጠራልን? የፊቅህ ሊቃውንት ችግር ያስገደደው ሰው ስለሚያደርገው ሽያጭ የተወያዩት ለዚህ ነው። በ728 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ኢብኑ ተይሚያህም ሒስባን በተመለከተ በጻፉት መጽሐፍ፣ ሕዝብ የሚፈልገውን ሙያ የያዙ ሠራተኞች በተመጣጣኝ ክፍያ እንዲሠሩ መሪው ማዘዝ እንደሚችል፣ ሠራተኞቹ ከልክ በላይ እንዳይጠይቁ፣ አሠሪዎችም ከሚገባቸው አሳንሰው እንዳይበድሏቸው ማድረግም የመሪው ሥራ መሆኑን አስረድተዋል።

ሁለት ጀሪብ

ለኑሮ የሚበቃ ስንል ስንት ማለት ነው? ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዑመር ይህን በግምት አልተዉትም። አል-በላዙሪ በፉቱሑል ቡልዳን እንደ ጻፉት፣ ለሕዝቡ ወርሃዊ ቀለብ ሊወስኑ ሲሉ አንድ ጀሪብ እህል አስፈጩ። ጀሪብ የዚያ ዘመን የእህል መስፈሪያ ነው። ዱቄቱ ተቦክቶ ተጋገረ፤ ዳቦው በዘይት ተፈተፈተ። ከዚያ 30 ሰዎች ለምሳ ተጠርተው እስኪጠግቡ በሉ። ለእራትም እንደዚሁ ተደረገ። 30 ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጀሪብ ከበላ፣ አንድ ሰው በ30 ቀን ሁለት ጀሪብ ይበቃዋል ማለት ነው። ዑመርም በወር ሁለት ጀሪብ ለወንዱ፣ ለሴቷና ለባሪያውም ጭምር ቆረጡ።

ልብ እንበል፤ በዲዋን መዝገብ የተመዘገበው ዓመታዊ ድጎማ በሰዎች መካከል ይለያይ ነበር። ለበድር ተሳታፊዎች 5 ሺህ ድርሃም ሲሰጥ ለሌሎች በየደረጃቸው ያነሰ ይሰጥ ነበር። በሕይወታቸው መጨረሻ ይህንንም ልዩነት ሊያስቀሩ እንዳሰቡ ተዘግቧል። የእህሉ ቀለብ ግን ከመጀመሪያውም ደረጃ አልነበረውም። ከላይ ያለው በሥራና በቀደምትነት ሲለያይ፣ ከታች ያለው ወለል ለሁሉም እኩል ነበር።

ስሌቱም ባልተስተካከለ ጊዜ ያርሙት ነበር። በመጀመሪያ የልጅ ድጎማ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ሕፃን ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ከከተማው ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ደጋግመው ቢመለሱም ለቅሶው አልቆመም። እናቲቱ ማን እንደሚያናግራት ሳታውቅ፣ ድጎማውን ለማግኘት ስትል ሕፃኑን ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር የሱብሒን ሰላት እያለቀሱ አሰገዱ። ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ከልደቱ ጀምሮ 100 ድርሃም እንዲቆረጥ በየአገሩ ታወጀ።

በእርጅና የደከመውንም አልረሱም። ኢማም አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደ ዘገቡት፣ አንድ ዐይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ በየደጁ ሲለምን አግኝተው እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ከቤታቸውም ሰጡት። ከዚያም በወጣትነቱ ከጉልበቱ የተጠቀመ ማኅበረሰብ በእርጅናው ቢጥለው ፍትሕ እንዳልሆነ ለበይተል ማል ኃላፊው አስረዱ። ከእርሱና ከመሰሎቹ ጂዝያ እንዲነሳ፣ ከሕዝቡ ገንዘብም እንዲረዱ አደረጉ።

ከእነዚህ ሥራዎች አንድ ሥርዓት እንረዳለን። በሰው ጉልበት የሚጠቀም ሰው የዚያን ሰው ቀለብ ይሸከማል፤ ይህን ካላደረገ ይገደዳል። የሕፃናቱን፣ የአረጋውያኑንና ሠርቶ መብላት ያልቻለውን ሸክም ደግሞ በይተል ማል ይሸከማል። ስለዚህ አነስተኛ ሱቅ ያለው ሰው የሠራተኛውን ቤተሰብ ችግር ሁሉ ብቻውን እንዲፈታ አይጠየቅም። መንግሥትም ነጋዴውን ብቻ አስገድዶ የራሱን ድርሻ ሊዘነጋ አይገባውም። ሁለት ትከሻ የሚፈልግ ሸክም ነው።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ የደረሰው የረማዳ ድርቅ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሕዝቡ በረሃብ ሲጎዳ ዑመር ቅቤና ሥጋ በራሳቸው ላይ ከለከሉ፤ ዳቦ በዘይት ብቻ እየበሉ የፊታቸው መልክ ተለወጠ። እህል አስመጡ፤ የዘካ አሰባሰቡን አዘገዩ፤ በስርቆት እጅ መቁረጥንም በዚያ ዓመት አቆሙ። የተራበን ሰው ከመቅጣት በፊት ማብላት እንደሚቀድም በሥራ አሳዩ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ዑመር ሊወጉ አራት ቀን ሲቀራቸው ከዒራቅ መሬት ግብር የተመደቡትን ሑዘይፋንና ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍን አስጠርተው፣ በመሬቱ ላይ ከአቅሙ በላይ ጭነው እንደ ሆነ አጥብቀው ጠየቁ። አላህ ዕድሜ ከሰጣቸውም የዒራቅ ባል የሞተባቸው ሴቶች ከእርሳቸው በኋላ የማንንም እጅ የማያዩ እንዲሆኑ ለማድረግ ያላቸውን ምኞት ተናገሩ። ይህ ጥያቄ ለአሠሪውም ይሠራል፤ ዑመር ከፋዩም ከአቅሙ በላይ እንዲከፍል አይሹም ነበር።

በእነዚያው ቀናት አቡ ሉእሉእ የሚባል ፋርሳዊ ባሪያ አቤቱታ ይዞ መጣ። ጌታው ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ ናቸው። ባለ ብዙ ሙያ ስለ ነበር በመዲና እንዲሠራ ሙጊራ ከዑመር ፈቃድ ጠይቀውለት ነበር። ሠርቶ ከሚያገኘው ላይ ለጌታው በየቀኑ የሚያስገባው ድርሃም እንደ በዛበት አመለከተ፤ መጠኑን አንዳንዶች ሁለት፣ ሌሎች አራት ያደርጉታል። ዑመር ሙያውን ጠየቁት፤ አናጺ፣ አንጥረኛና ቀራጭ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ከሙያው አንጻር ክፍያው ብዙ እንዳልሆነ ነገሩት። በልባቸው ግን ሙጊራን አግኝተው እንዲቀንሱለት ሊያነጋግሩ አስበው ነበር። ሰውየው ይህን አላወቀም። ፍትሕ ለሁሉ ሲደርስ ለእርሱ ብቻ እንዳልደረሰ ቆጥሮ ቂም ይዞ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ (644 እ.ኤ.አ.)፣ ዑመር የሱብሒን ሰላት ሲያሰግዱ በሁለት አፍ ስለት ወጋቸው።

ግድያው ታላቅ ወንጀል ነው፤ ምንም አቤቱታ አያጸድቀውም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። በሙያና በክፍያ መካከል ያለውን ሚዛን መፍረድ ለዑመር እንኳ ቀላል አልነበረም፤ ፍርዳቸውን ከሰጡ በኋላም ሠራተኛው እንዲቀነስለት ያስቡለት ነበር። የሠራተኛ አቤቱታ በአንድ ሰው በጎ ሐሳብና በአንድ ቀን ንግግር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል አደጋ አለው። የታወቀ ልክ፣ የታወቀ የአቤቱታ ቦታና ለአቤት ባዩ በግልጽ የሚነገረው መልስ ያስፈልጋል።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲወስን መንገድ ከፍቷል። ሐሳቡ ለሙስሊሙ ነጋዴ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ሁለት ጀሪብን ያስፈጩት ዑመር ቀድመውታል። ወለሉ ሲወሰን እንደ እርሳቸው የእህሉን፣ የዘይቱንና የቤቱን ኪራይ ዋጋ ገበያ ወርዶ መዝኖ ይሁን። ሕጉ እስኪደርስ ግን አላህን የሚፈራ አሠሪ ቦርድ አይጠብቅም። ሠራተኛው የሚከፈለው ገንዘብ በወር ስንት ቀን እንደሚያኖረው ራሱ ቁጭ ብሎ ማስላት ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ በዚህ ወር መነገር አለበት። ለመስጊድ የሚላክ የተምር ካርቶን፣ ለመንገደኛ የሚዘረጋ ኢፍጣር፣ በዒድ ዋዜማ የሚታደል ሰደቃ ሁሉ ታላቅ አጅር አላቸው። የሠራተኛን ክፍያ ግን አይተኩም። ሰደቃ የሰጪው ችሮታ ነው፤ ደመወዝ የሠራተኛው ሐቅ ነው። ከሐቁ ቀንሶ በሰደቃ ስም የመለሰ ሰው የሠራተኛውን ገንዘብ ለሠራተኛው እየመጸወተ ነው። ዘካም ቢሆን የደመወዝ ምትክ ሆኖ አይታሰብም።

ዑመር ቆስለው በተኙባቸው ቀናት ከሁሉ በፊት ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ዕዳቸው ነበር። ልጃቸውን ዐብዱላህን እንዲቆጥረው አዘዙት፤ 86 ሺህ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰባቸው ንብረት እንዲከፈል፣ ያ ካልበቃ ከጎሳቸው ከበኒ ዐዲይ፣ ያም ካልበቃ ከቁረይሽ እንዲጠየቅ ተናዘዙ። ከዚያ በኋላ ነው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና በአቡበክር አጠገብ ለመቀበር እናታችንን ዓኢሻን ያስፈቀዱት። እርሳቸውም ለራሳቸው ያሰቡትን ቦታ ለቀቁላቸው።

እኛም ለዒድ ልብስ ከመግዛታችን በፊት እንቁጠር። የሱቃችን ልጅ፣ የቤታችን ሠራተኛ፣ የመጋዘናችን ጥበቃ፣ የጫኑና ያወረዱ ወጣቶች ያልተከፈላቸው ቀን እንዳለ እንመልከት። ያልተከፈለ ምንዳ ዕዳ ነው፤ ባለቤቱም ይታወቃል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።